ሙካዳስ ጸጉሯ የረገፈበት ዓመት

ኩዋንዳ፣ 12 ሴፕቴምበር 1984

ለእትዬ ሃንዛዳ፤

ደብዳቤዎ በአስራ ስድስተኛው ቀን እጄ ገባ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን ሻውካት ቀምቶኝ አነበበ። እርስዎ፣ አያ ኢሶቅ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤታችን አሮጊቷ ሪሶላት ሳይቀሩ እንዴት ከረማችሁ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። በረዶው ዘንድሮ ቸኩሎ ባለፈው ማክሰኞ ጣለ። የላኩልኝን ዘቢብ በቁጥር ነው የምበላው፤ ሻውካት ግን በእፍኝ ይዘግናል።

ሳዮራ ልትዳር መሆኑን ሲጽፉልኝ፣ «እጅሽ ላይ ያደገች ልጅ» ብለው ማስታወስ አልነበረብዎትም። የወለዷት እርስዎ ይሁኑ እንጂ ያዘልኳት እኔ ነኝ። ግን አልመጣም፤ ይቅር ይበሉኝ። የምንሠራው የባቡር ሐዲድ ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶታል ተብሎ የሠራተኛው ፈቃድ ሁሉ ተይዟል፤ ብቻዬን እንዳልመጣ ደግሞ መንገዱ ስምንት ቀን ነው። ይህ ምክንያት እንደማይበቃዎት አውቃለሁ። ሌላ የለኝም።

ፎቶ ላኪ ላሉኝ፣ እዚህ ፎቶ አንሺ የለም። አንድ ነበር፤ ሄደ።

«እዚያ ጸጉርሽን ማን ያጥብልሻል?» ብለው ሲቀልዱብኝ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ሐሙስ ሐሙስ ከእንጆሪው ዛፍ ሥር ታወሰኝ። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ የረጋ እርጎ በሳፋ አቅርባ እኔን እንጨቱ መደብ ጠርዝ ላይ አንጋላ ራሴን ወደ ቦዩ ታዘነብለዋለች። እርስዎ ሚዶውን ይዘው ይጠብቃሉ። አርባው ጉንጉን እስኪያልቅ ፀሐይዋ ከአንዱ አጥር ተነስታ ሌላው አጥር ጋ ትደርሳለች። «ስንት ቀረ?» እላለሁ፤ እናታችን «አስራ ሁለት» ትላለች። ብዙ ቆይቼ ስጠይቃት «አስራ አራት» ትላለች። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ እርስዎ አፍዎን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ። አሁን ቢሆን መቶ ቢቀራት አልነጫነጭም ነበር።

ሙሽራዋን ይሳሙልኝ። በእኔ እንዳትቀየም ይንገሯት።

ታናሽዎ ሙካዳስ


ማርጊላን፣ 20 ኦክቶበር 1984

ለሙካዳስ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለሻውካትም እንዲሁ። ልትጠይቂኝ ያሰብሽውን ልመልስ። አዎ፣ ሠርጉ ደስ ብሎ አለፈ። ሁለት መቶ ሰው በላ፤ ሩዙም አልጎደለ። አዎ፣ ሳዮራ አልቅሳለች። የሙሽራ ጸጉር የምትጎነጉነው የእናቷ እህት መሆኗን ታውቂያለሽ። አንቺ ስላልነበርሽ የባሌ የኢሶቅ እህት ጎነጎነችላት። እጇ የከባድ ከባድ ነው፤ እየጎተተች አጥብቃ ሠራቻትና ልጄ ሠርጓን በራስ ምታት ዋለች። «አክስቴ ሙካዳስ ብትሆን አያመኝም ነበር» አለችኝ።

እኔም ተቀይሜሻለሁ። አልደብቅሽም። ነገር ግን ቅያሜዬ ሦስት ቀን ነው የቆየው፤ በአራተኛው ቀን ሾፌሩ ቱራኩል ከእናንተ ዘንድ ተመልሶ መጣና ቅያሜው ሌላ ነገር ሆነብኝ። «ሱቅ በር ላይ አገኘኋት» አለ። «ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራለች። ስጠራት እንደማታውቀኝ ሆና አለፈችኝ።» ይህን የተናገረው ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። አንዷ «ሰው አገር ሄዳ ኮራች» አለች። ሌላዋ «ላሽ ይዟት ይሆናል» አለች። ሪሶላት ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው፤ ሲወጡ ግን እኔን በዐይኗ ጠየቀችኝ።

አንቺ እኮ ሻሽ እሰሪ ስትባዪ ቤቱን በጩኸት የምታናውጪ ልጅ ነበርሽ። ወደ ሐር ፋብሪካው ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ የሆነው ትዝ ይልሻል? ጉንጉንሽ ወንበሩ ላይ ተንዘርፍፎ አንድ ወጠምሻ መጥቶ ተቀመጠበት። ልትወርጂ ስትነሺ ጸጉርሽ ወደ ኋላ መለሰሽና ጮኽሽ። ሰውየው ደንግጦ «ይቅርታ እህቴ፣ የወንበሩ መስሎኝ ነው» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ያ ወጠምሻ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ባልሽ ሆኖ ይኖራል። እናታችን «ልጄን በጸጉሯ አሰሯት» ትል ነበር።

እንግዲህ እውነቱን ጻፊልኝ። ጸጉርሽ ምን ሆነ? ከሆነስ ከመቼ ጀምሮ? አተኩሶሽ ነበር? ሻውካት ክፉ ቃል ተናግሮሽ ከሆነ ኢሶቅን አላማክርም፤ ራሴ ነኝ የምመጣበት።

እህትሽ ሃንዛዳ


ኩዋንዳ፣ 18 ኖቬምበር 1984

ለእትዬ ሃንዛዳ፤

እጅዎን እስማለሁ። ስለ ሳዮራ ያነበብኩትን ለሻውካት አላነበብኩለትም፤ ለራሴ በቃኝ።

ሻውካት ክፉ አልተናገረኝም። ክፉም ደግም አይናገርም። አላተኮሰኝም። ከመቼ ጀምሮ ላሉኝ፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ቀን ሚዶውን ሳነሳው ከብዶኝ አየሁት፤ ጥርሱ ሁሉ በጸጉር ተሞልቷል። በማግስቱ ትራሱ ላይ። ከዚያ ራሴን ስታጠብ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ጣቶቼ መሃል እንደ ክር ተጠማጥሞ ይወጣል። ኦገስት ሲያልቅ ከጆሮዬ በላይ ሁለት ቦታ ቆዳው ታየ፤ አናቴ ላይ መስመሩ ሰፍቶ መንገድ ሆነ። ያ በአንድ እጅ የማይጨበጠው ጉንጉን የትንሽ ጣት አክሎ ቀረ። አንድ ቀን በመቀስ ቆረጥኩትና ሻሹን አሰርኩ። ቱራኩልን አይቼዋለሁ። ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። ማርጊላን ገብቶ የሚያወራውን አስቀድሜ ስለሰማሁት ነው የሸሸሁት።

ውሃው ነው መሰለኝ። ቧንቧው ዝገት ያመጣል፤ ነጭ ልብስ ቢያጥቡበት ቢጫ ይሆናል። ብርዱም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ወፍራም የቆዳ ባርኔጣ ስናደርግ ራስ አይተነፍስም። ጎረቤቴ ታማራ፣ ደግ ሴት ናት፣ ሽንኩርት ቀቢው አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ቀባሁ። ሻውካት ሳምንት ሙሉ ከሽንኩርት ጋር ተኛ፤ አልተማረረም። ባለፈው ዳቦው ውስጥ ጸጉሬን አገኘ። ቀስ ብሎ ከአፉ አውጥቶ፣ ያላየሁት መስሎት፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊጥ የማቦካው በሁለት ሻሽ ነው።

የሚሰማኝንም ልንገርዎት ነበር። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ባል የሞተባት ሴት «ባሌ ሞተ» ትላለች፤ ሰው አብሯት ይቀመጣል። ጸጉሯ የረገፈ ሴት ምን ትበል? የምትለው ሁሉ ያሳፍራል። ጸጉር እኮ ነው፣ እግር አይደለም፣ ይሏታል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እላለሁ። ሆኖም መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ፤ ሰው በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚሄደው እጄ ወደ አናቴ ነው። ነፋስ ራስ ቅሌን ሲነካኝ የሌላ ሰው ራስ ተሸክሜ የምዞር ይመስለኛል። ለሳዮራ ሠርግ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሻሽ ይወልቃል። ሁሉም መጀመሪያ የሚያዩት ወዴት እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።

የረገፈውን አልጣልኩትም። እናታችን እንዳስተማረችን ሰብስቤ በትራስ ልብስ አስቀምጬዋለሁ።

ለማንም አይንገሩብኝ።

ሙካዳስ


ማርጊላን፣ 10 ዲሴምበር 1984

ሙካዳስ፤

ሰላምታውን በልብሽ ያዥልኝ፤ ዛሬ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ውሃው አይደለም። ብርዱም አይደለም። እኔ አምስት ወልጃለሁ። ከእያንዳንዱ በኋላ፣ ሕፃኑ ሰው ለይቶ መሳቅ ሲጀምር፣ ጸጉሬ በእፍኝ ይወርድ ነበር። «ልጅ ሲስቅ የእናት ጸጉር ይረግፋል» ይባላል እኛ ሰፈር። ከወሊድ ሦስት ወር ነው፤ ቢበዛ አራት። አንቺ ያኔ ሳዮራን አዝለሽ ሰፈሩን ስትዞሪ እኔ ሻሼ ሥር ምን እንደነበር አላየሽም። ተመልሶ ስለሚበቅል ማንም አያወራውም።

ጁላይ አልሽኝ። ጣቴን እያጠፍኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ጁን፣ ሜይ፣ ኤፕሪል፣ ማርች። ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ደብዳቤዎችሽን የማስቀምጥበትን ሣጥን አወጣሁ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ አንድም የለም። «ፖስታው በበረዶ ተዘግቶ ነው» ብለሽኝ ነበር፤ አምኜሽ ነበር።

ልጄ፣ ምን ወለድሽ?

አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። መልሺልኝም፣ ተዪውም። ከመመለስሽ በፊት ግን አንቺ የማታውቂውን አንድ ነገር ስሚ። እናታችን በሕይወት ሳለች አፍሽን ያዢ ብላኝ ነበር፤ አሁን የምትቀየመኝ አይመስለኝም።

ከአንቺ በፊት ወንድም ነበረን። ዮልዶሽ ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ በ1943 ተወለደ፤ አባታችን ግንባር ነበር፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ዳቦ በግራም የሚሰፈርበት ዘመን ስለነበር እናታችን የጡት ወተት አልነበራትም። አርባ ቀኑን ሳይሞላ ሞተ። አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ወደ ፋብሪካው ተመለሰች፤ የፓራሹት ሐር ይሸምኑ ነበር፤ ሸማኔ ጎድሏል ተባለ። ወራት አለፉ፤ ጸጉሯ ሄደ። እንደ እንጆሪ ቅጠል፣ አንዴ መርገፍ ሲጀምር በሳምንት አለቀ። ተመልሶ የበቀለው ሳስቶ ትከሻዋ ላይ እንኳ አልደረሰም። አያታችን ከቀለም ነካሪው ጥቁር የሐር ክር አምጥታ ቀጠለችላት። ያ አንቺ የምታስታውሺው፣ ወገቧ ላይ የሚወዛወዘው የእናታችን ጉንጉን፣ ሐር ነው ሙካዳስ። መራመድ የተማርሽው እሱን ጨብጠሽ ነው።

የእኛን ጸጉር ስትጎነጉን አስራ ሁለት ቀረ፣ አስራ አራት ቀረ እያለች ቀኑን የምታስረዝመው ለምን ነበር ትያለሽ? እኔም የገባኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

ሃንዛዳ


ኩዋንዳ፣ 7 ጃንዋሪ 1985

እትዬ፤

ደብዳቤዎን አነበብኩና ለሁለት ቀን ዳቦ አልጋገርኩም። በሦስተኛው ቀን ሻውካት «ቤት ሰው ሞቷል?» አለኝ። እርስዎን ልመልስልዎት።

ሴት ልጅ ነበረች።

ለምን እንዳልነገርኩዎት አልጠየቁኝም፤ ግን ልንገርዎ። አርግዣለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬያችሁ ሁለት ጊዜ አፍሬያለሁ። በመጀመሪያው ጨርቅ ሰፍተው ልከውልኝ ነበር፤ ጨርቁ ሲደርስ እኔ ባዶዬን ነበርኩ። ሦስተኛዋን ዐይን እንዳይገባባት አፌን ዘጋሁ። ወደዚህ አገር ስመጣ እንኳ ደስ ያለኝ፣ እዚህ ሆዴን የሚያይ ወገን ስለሌለ ነው። ወልጄ፣ አርባዋን አውጥቼ፣ ፎቶዋን እልካለሁ ብዬ ነበር። ሰባት ወሯን ያዘች። ማርች አስራ አንድ ቀን ምጥ መጣ። ደም ብዙ ፈሰሰኝ። ስትወለድ አልጮኸችም። አዋላጇ ጠቅልላ አሳየችኝ። ራሷ በጥቁር ጸጉር የተሞላ ነበር፤ እርጥብ፣ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ። አዋላጇ «እንዴት ያለ ጸጉር ነው» አለች፤ ከዚያ በመናገሯ ደነገጠች።

መሬቱ በረዶ ነበር። ሻውካትና ሁለት የእኛ ሰዎች ማገዶ አንድደው መሬቱን እስኪያላሉት ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። ሣጥኑን የሠራው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ብናገር የሚሰበር መሰለኝና ዝም አልኩ። በሳምንቴ ካንቲናው ሥራ ገባሁ። «ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አሉኝ። ለሷ ለማልቀስ የትኛው ቀን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስም አልወጣላት፣ እንግዳ አልመጣላት፣ ፍራሽ ላይ አልተቀመጥኩላት።

ከዚያ ጁላይ መጣ። ሚዶው ሲሞላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱም። ታማራ ሰምታ መጣች፤ «ስለ ጸጉሬ ነው» አልኳት፤ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ስለ ጸጉር ይለቀሳል እትዬ፤ ሰው ያየዋል። በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ሲወርድ አንድ እፍኝ አለቅሳለሁ። አምስት ወር ሙሉ ስለ ጸጉሬ ነው የማለቅሰው ብዬ ራሴን አታልያለሁ። እርስዎ ጣትዎን አጥፈው እስኪቆጥሩ ድረስ ያመንኩት ይመስለኛል።

የእናታችን ጉንጉን ሐር መሆኑን ስላላወቅሁ አዝናለሁ። አውቄ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አልጎትተውም ነበር።

ሙካዳስ


ቴሌግራም
ከማርጊላን፣ 4 ፌብሩዋሪ 1985

ሐሙስ እነሳለሁ። አትምጪ ብለሽ አትጻፊ፤ ደብዳቤሽ ሲደርስ እኔ የለሁም። ወተት ግዢና ጠብቂኝ። ሃንዛዳ


ኩዋንዳ፣ 2 ኤፕሪል 1985

ለእትዬ ሃንዛዳ፤

በሰላም መግባትዎን ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ጸጥ አለብኝ። እርስዎ የተኙበትን ፍራሽ እስከ ዛሬ አላነሳሁትም። ታማራ «ያቺ ከስምንት ቀን መንገድ እርጎ ይዛ የመጣችው ሴትዮ መቼ ትመለሳለች?» እያለች ትጠይቀኛለች። የእርሾውን ብልቃጥ ባቡር ላይ ብብትዎ ሥር አቅፈው መተኛትዎን ለማን ብነግር አያምነኝም።

አብረን የሄድንባት ሐኪም የነገረችንን «ለሳዮራ እንድነግራት በደንብ ጻፊልኝ» ብለዋል። ከወሊድ በኋላ፣ ከብርቱ ሐዘንም በኋላ፣ ጸጉር ማደጉን ትቶ ይተኛል አለች፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይረግፋል። ለእኔ ሁለቱም ተደረቡብኝ፤ ላዩ ላይ ደግሞ የፈሰሰኝ ደም ሳይተካ ቀርቶ ደም ማነስ አለብኝ። የብረት ክኒኑን እየዋጥኩ ነው፤ ጉበቱንም እበላለሁ። አጥብቆ መጎንጎንም ሥሩን ይጎዳል ብላለች፤ ይህን ለኢሶቅ እህት ይንገሩልኝ። ሁሉም ተመልሶ እንደ ድሮው ይሆናል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። እርስዎ ተቆጥተው «ምን ዓይነት ሐኪም ናት ደህና ቃል የማይወጣት?» ሲሏት እኔ በሩስኛ «እህቴ ታመሰግንሻለች» ብዬ ነው የተረጎምኩት። አሁን ልናዘዝልዎ።

ጸጉሩን ለክተሽ ጻፊ ላሉኝ፣ የጣቴን ጥፍር ያህል ሆኗል። እንደ ጫጩት ላባ ነው፤ ስነካው ይኮረኩረኛል። ከጆሮዬ በላይ ያለው ነጭ ሆኖ ነው የወጣው። በሠላሳ አምስት ዓመቴ። አንደኛው ቦታ ገና ባዶ ነው።

መጀመሪያ ቀን ሻሼን ሲፈቱት እጅዎን ያዝኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። እንዳያዩኝ ብዬ ነው። እርስዎ ግን አላዩም። ዐይንዎን ጨፍነው በእጅዎ ብቻ ዳበሱኝ፤ ከዚያ እርጎውን አፈሰሱ። ከእናታችን ወዲህ ራሴን ሰው ሲያጥበኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ምንም አላወሩኝም፤ ብቻ ጨርሰው ሲያደርቁኝ «አስራ አራት ቀረ» አሉኝ። የሳቅሁት ሳቅ ወደ ምን እንደተለወጠ ያውቁታል።

ስለዚያኛው ቀንም ጠይቀውኛል፤ አልጸጸትም። የትራስ ልብሱን ከነጸጉሬ አጠገቧ መቅበራችን ደግ ነው። ስም ማውጣትዎም ደግ ነው። ኦይዲን። የጨረቃ ብርሃን። ቀን ቀን ብቻዬን ስሆን እጠራታለሁ። ሻውካት እርስዎ ስሟን ሲጠሩ ፊቱን አዙሮ መሄዱን እንዳይቀየሙት። የሄደው ከዛፎቹ ጀርባ ነበር፤ ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህም ዝም እንዳለ ነው። በግድ አላናግረውም።

ሙካዳስ


ማርጊላን፣ 26 ሜይ 1985

ለሙካዳስ፤

የሐር ትሎቹ ወቅት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢያጥር አትቀየሚኝ። እንደምታውቂው ትሉ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ሌት ተቀን ይበላል። ቅጠል ስናራግፍ ክንዳችን ዝሏል። ሳዮራ ደህና ናት፤ የባሏ እናት ትወዳታለች።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ሐሙስ ዕለት ሴቶቹ ቅጠል ሊያግዙኝ መጥተው ከእንጆሪው ሥር ተቀምጠን ነበር፤ አስር እንሆናለን። ሻይ ቀርቧል፣ ትኩስ ዳቦ ተቆርሷል። የኢሶቅ እህት እንደ ልማዷ ጀመረች።

«ያቺ እህትሽ እስካሁን ባዶዋን ናት?» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት! ባልየው እንዴት ቻለ?»

ወትሮ «አላህ ያውቃል» ብዬ አልፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብዬ አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን አፌ እንቢ አለኝ።

«ባዶዋን አይደለችም» አልኳት። «ሴት ልጅ አለቻት። ኦይዲን ትባላለች። ኩዋንዳ ተቀብራለች፤ መቃብሯን በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ቅጠል የያዙት እጆች ሁሉ ቆሙ። ሪሶላት መዳፎቿን ዘረጋች፤ ሁሉም ዘረጉ፤ ዱዓ አደረገችላት። አሚን ብለን ፊታችንን ስናብስ፣ ሪሶላት ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አናቷን አሳየችን። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድ ቀን ባዶ ራሷን አይቻት አላውቅም። «የእኔ መንታ ነበሩ» አለች። «በ1929። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ባሌ እስኪሞት አላየውም።»

ከዚያ ሌላዋ ተናገረች። ከዚያም ሌላዋ። እሷ ስትጨርስ ሦስተኛዋ። የኢሶቅ እህት ስትነሳ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች፤ የእሷን አልነገረችንም። ትሎቹ ሳይበሉ አረፈዱ። ዳቦው ደረቀ።

አደራሽን በልቻለሁ። ብትቆጪ መብትሽ ነው። ግን ስሟን ጮክ ብዬ በመናገሬ ልጸጸት ብሞክርም አልቻልኩም።

ሃንዛዳ


ኩዋንዳ፣ እሁድ 23 ጁን 1985

ለእትዬ ሃንዛዳ፤

አልተቆጣሁም። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ እጄ እንደ ልማዱ ወደ አናቴ ሄደ። ከዚያ የሚሸፍነው ነገር አጣና ወረደ።

የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ክኒኑ አላለቀም። ጉበት ሰልችቶኛል። ጸጉሬ ሁለት ጣት ሆኗል፤ ነጩ ነጭ ነው፤ ያ ባዶው ቦታ ባዶ እንደሆነ ቀርቷል፣ የሚሞላም አይመስለኝም። ታማራ ወንድ ልጅ ትመስያለሽ አለችኝ። ቆንጆ ወንድ ልጅ ብላ ጨመረችልኝ።

ደብዳቤ ደርሶኛል። ከእርስዎ ሌላ ማለቴ ነው። በአንድ ሳምንት አራት መጡ። ፖስተኛው «ማርጊላን ምን ተፈጠረ?» አለኝ። ሪሶላት በልጅ ልጇ እጅ ነው ያስጻፈችው፤ የመንታዎቹን ስም ነግራኛለች። ሌላዋ ሦስት ጸጉር ማሳደጊያ ቅጠል በወረቀት ጠቅልላ ልካለች፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚቀባ ጽፋ፣ መጨረሻ ላይ «ለእኔ አንዱም አልሠራልኝም፤ አንቺ ግን ሞክሪው» ብላለች። የኢሶቅ እህትም ጽፋልኛለች። ምን እንዳለችኝ አልነግርዎትም፤ አደራ ብላኛለች።

ትናንት ሻውካት ሲገባ ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እርስዎ ስለዚያ ሐሙስ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩለት። እንዳይሰበር ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማነበው። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማኝ፤ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም። ስጨርስ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም።

«ያቺን ቦታ ድገሚልኝ» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«ኦይዲን ትባላለች ያሉበትን።»

ደገምኩለት። ቁጭ አለ። «እኔ በልቤ ጉልኖራ ብያት ነበር» አለኝ፤ «ሣጥኗን ስሠራ። ለማንም አልተናገርኩም።» አንድ ዓመት ከሦስት ወር አብረን ስንበላ ስንተኛ ልጃችን ሁለት ስም እንደነበራት አላወቅሁም ነበር። ቅር እንዳይልዎት እትዬ፤ ሁለቱንም እናስቀርላታለን። አገራችን ያሉት ኦይዲን ይበሏት።

ዛሬ ሥራ የለውም። ይህን ስጨርስ ሁለታችን ወደ እሷ እንሄዳለን። እሱ ከግቢው ወጥቶ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ስሞቿን ድንጋዩ ላይ የሚጽፍበት መሮ ይዟል። ሻሽ አላስርም። ፀሐይ ወጥታለች።

ሙካዳስ